ሞተሩ ሞቷል የተባልኩት ማሽን

ሮላንድ አርኢ-201 አለኝ፣ ስፔስ ኢኮ የሚሉት፣ ድምፅን ክር ላይ ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ የኢኮ ማሽን። ጃፓኖቹ ገበያ ላይ ያወጡት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛ ጋ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ማለት ነው። ለዕድሜው ደህና ይሠራል። ይሠራ ነበር ልበል። ከሁለት ወር በፊት ክራሬን ስሰካበት ኢኮው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፣ የሰከረ ሰው የሚያዜም ይመስላል። ለአንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ሞቷል» አለና የጠራው ዋጋ... ተዉት።

ቤት መልሼ ራሴ ከፈትኩት። ለማያውቀው፣ ውስጡ ካሴት የለም። ጫፍና ጫፉ የተቀጠለ የሩብ ኢንች የድምፅ መቅጃ ክር (ቴፕ) ብቻ ነው፣ ምንም ላይ ሳይጠቀለል ሳጥኑ ውስጥ እንደ ፓስታ ተዝረክርኮ የሚዞር። ክሩ የሚያልፍባቸው ሄድ የሚባሉ ማግኔታዊ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ ሄድ የቆየውን ድምፅ ያጠፋል፣ ቀጣዩ ይቀዳል፣ ከዚያ ሦስት ሄዶች ተራ በተራ የተቀዳውን ያሰማሉ። ኢኮ የሚባለው ድምፁ ከመቅጃው ተነስቶ እነሱ ጋ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ክሩ ትንሽ ከተንሸራተተ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

ምን ሆኖ ተገኘ? ቆሻሻ። ከክሩ የረገፈው ቡናማ ዱቄት ሄዶቹም፣ ክሩን የሚጎትተው ዘንግም፣ ክሩን ዘንጉ ላይ የሚጫነው ጎማም ላይ ደድሯል። ብረት ብረቱን በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮልና በጆሮ ጥጥ ጠረግሁ፤ ባለ 70ው ውሃ ስለሚበዛው አልወደውም። ጎማውን አልኮል ያደርቀዋል ብዬ ለብ ባለ ውሃና በጠብታ ሳሙና አጠብኩት። የጠቆረውን የጥጥ ክምር ልጄ አይታ «ይሄ ሁሉ ከጆሮህ ነው?» አለችኝ።

ክሩንም ቀየርኩ። የድሮው ላይ የሆነ ሰው ተራ ፕላስተር ለጥፎበት ነበር፣ ሙጫው እየቀለጠ ወጥቶ ጎማው ላይ ይጣበቃል። ለክር የተሠራ ፕላስተር ሌላ ነው፣ እሱም የሚለጠፈው በጀርባው እንጂ ሄዱን በሚነካው ፊት አይደለም። ጫፎቹን በሰያፍ ቁረጡ፣ አለዚያ መገጣጠሚያው ባለፈ ቁጥር ጧ ይላል።

ከዚያ ሄዶቹ ላይ የቀረውን ማግኔት ማጥፋት አለ። ማሽኑ ይጠፋል፤ ማግኔት ማጥፊያውን መሣሪያ ራቅ አድርጎ ማብራት፣ ቀስ ብሎ ማስጠጋት፣ ቀስ ብሎ ማራቅ፣ ከራቀ በኋላ ማጥፋት። ሄዱ አጠገብ ካጠፋችሁት ከነበረው የባሰ ታመጣላችሁ። አንዴ አድርጌዋለሁ።

ሞተሩን? አልነካሁትም። ትናንት ማታ በትዝታ ቅኝት ትንሽ ተጫወትኩና የድግግሞሹን መጠን የሚጨምረውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ማሽኑ ራሱን እየደገመ እየደገመ መጮህ ሲጀምር ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ።