ጌሙን የሚቆርጠው ማን ነው?

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገርና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ለአዋቂ የተሠራ ጌም ለአዋቂ ይሸጥ። ልጆች እጅ እንዳይገባ በደንብ ይጠበቅ። ሕፃናትን ወሲባዊ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ግን፣ ሥዕልም ቢሆን፣ ጥብቅና አልቆምለትም። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚስማማ ይመስለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ይሄ ይቆረጥ፣ ይሄ ይለፍ የሚለው ማን ነው? ደንቡስ የት ተጽፏል? ሥራው የተቆረጠበት ሰው አቤት የሚለው ለማን ነው? የጃፓን ጌሞች ላይ የደረሰውን ስከታተል፣ የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከዓመት ዓመት እየራቀ ነው የሄደው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ሲነሣ ሁልጊዜ የምሰማው አንድ ነገር አለ፤ "ጃፓን ውስጥ ሁሉም ነገር ልቅ ነው፣ የሚቆርጡት ምዕራባውያኑ ናቸው" ይባላል። ትክክል አይደለም። የጃፓን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ሳንሱርን ይከለክላል፤ ከሱ በፊት በ1907 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 175 ደግሞ ጸያፍ ነገር የሚያሰራጭን ሰው ይቀጣል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ጃፓን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ የአዋቂ ፊልም፣ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ወይም ጌም ላይ የብልት አካባቢ በሞዛይክ፣ ማለትም ምስሉን በሚያደበዝዙ ትንንሽ ካሬዎች፣ ተሸፍኖ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ላለ የጌም ማጫወቻ፣ የሚወጡ ጌሞችን የሚመዝነው ሴሮ የሚባል፣ በ2002 የተቋቋመ ድርጅት ነው። ደረጃዎቹ ከኤ እስከ ዲ ሄደው ዜድ ላይ ያበቃሉ፤ ዜድ ማለት ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም ማለት ነው። ዜድም ቢሆን ግልጽ ወሲብን አያሳልፍም። ደምና የተቆራረጠ አካል ላይ ደግሞ ሴሮ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ጥብቅ ነው። በ2022 የወጣው "ዘ ካሊስቶ ፕሮቶኮል" እና በ2023 እንደ አዲስ የተሠራው "ዴድ ስፔስ" ጃፓን ውስጥ ሳይሸጡ ቀርተዋል። "ሳይበርፐንክ 2077" ጃፓን ሲገባ እርቃናቸውን የነበሩት ገጸ ባሕርያት የውስጥ ልብስ ለብሰዋል። ስለዚህ ጃፓንን የነጻነት አገር፣ አሜሪካን የሳንሱር አገር አድርጎ መከራከር የትም አያደርስም። ሁለቱም ይቆርጣሉ፤ የሚቆርጡት ነገር ይለያያል።

ኤሮጌ የሚባሉት፣ ማለትም ለኮምፒውተር የሚሠሩት ወሲባዊ ጌሞች፣ ከሴሮ ውጭ ናቸው። እነሱን የሚመለከተው ሶፉሪን የሚባል የራሳቸው የጌም ሠሪዎቹ ማኅበር ነው። አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል። በ1991 አንድ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ "ሳኦሪ" የሚባል የአዋቂ ጌም ከሱቅ ሰረቀ። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰ፣ ጣጣው እስከ ጌሙ ሠሪዎች ድረስ ሄደ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1992፣ ኩባንያዎቹ ተሰባስበው ማኅበሩን አቋቋሙ። ራሳችንን በራሳችን ካልጠበቅን መንግሥት ይመጣብናል ብለው ነው። የዕድሜ ምልክት መለጠፍና መመዝገብ ጀመሩ። ፍጹም አልነበረም፤ ግን ስም ነበረው፣ አድራሻ ነበረው፣ ደንቡ ይታወቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የ2009ኙ ጉዳይ ነው። ኢሉዥን የሚባል የዮኮሃማ ኩባንያ በ2006 ያወጣው፣ ተጫዋቹ ሴቶችን እንዲደፍር የሚያደርግ ጌም ነበር። ለጃፓን ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራው ጌም በኢንተርኔት ሱቅ ከጃፓን ውጭ ሲሸጥ ተገኘና ቁጣው ፈነዳ። ዘመቻውን ከመሩት አንዱ ኢኳሊቲ ናው ነው። ይህን ስም የምናውቀው እኛም ነን፤ ጠልፎ የደፈረ ሰው ተጎጂዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት የድሮው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ እንዲሻር፣ ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር የተሟገተ ድርጅት ነው። አንቀጹም በ2004ቱ የወንጀል ሕግ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ስለ አንድ ጌም ሲናገሩ "ምን አገባቸው" ብዬ ማለፍ አልችልም። ሶፉሪን አባሎቹ መድፈርን ጨዋታ የሚያደርግ ጌም እንዳይሠሩ ወሰነ። እኔ በውሳኔው ምንም አልከፋኝም። ደግሞም ሂደቱን ተመልከቱ። ስም ያለው ድርጅት በግልጽ ጠየቀ፣ ስም ያለው ማኅበር በግልጽ መለሰ። የማይስማማ ሰው ማንን መውቀስ እንዳለበት ያውቃል።

ትርጉም ላይ የሚደረገውን ለውጥም ከዚህ ጋር የሚደባልቁ አሉ። በ2015 "ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ ኤክስ" ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሄድ፣ ሊን የምትባል የ13 ዓመት ልጅ የምትለብሰውን ገላ የሚያሳይ ልብስ ሸፈኑት። ደግ አደረጉ። በ"ፋየር ኤምብለም ፌትስ" ላይ ደግሞ የገጸ ባሕርይን ፊት በንክኪ መዳበስ የሚባለውን ትንሽ ጨዋታ ኔንቴንዶ ለምዕራቡ ቅጂ አስቀረው፤ ያኔ የተጮኸው ጩኸት ብዙ ነበር። እኔ ግን የራሱን ጌም ራሱ ቀየረ ነው የምለው። አልወደድኩትም ማለት ይቻላል። ባለቤቱ የራሱን ሥራ ማስተካከሉን ግን ሌላ አካል ከመጣበት ክልከላ ጋር እኩል አላየውም።

አሁን ወደ ፕሌይስቴሽን ባለቤት፣ ወደ ሶኒ። ነገሩ መበላሸት የጀመረው እዚህ ነው።

የፕሌይስቴሽን ዋና መሥሪያ ቤት በ2016 ከቶኪዮ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ማቴዮ ሄደ። በ2018 ላይ ትንንሽ የጃፓን ኩባንያዎች እንግዳ ነገር ይገጥማቸው ጀመር። ከዚያ በፊት ምንም ያልተባለ ይዘት ድንገት አያልፍም ተባለ። "ሴንራን ካጉራ በርስት ሪኒዋል" የሚባለው ጌም ለምዕራቡ ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ ገጸ ባሕርያቱን የመነካካት ክፍሉ ተወገደ፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ ላይ ግን አለ። የዚህን ተከታታይ ጌም ለዓመታት የመራው ኬኒቺሮ ታካኪ በ2019 ኩባንያውን ለቀቀ፤ የሚፈልገውን ዓይነት ጌም መሥራት በዚህ ክልከላ ምክንያት ከባድ እንደሆነበትም ተናገረ። በዚያው ዓመት "ኦሜጋ ላቢሪንት ላይፍ" ለኔንቴንዶ ስዊች እንዳለ ሲወጣ፣ የፕሌይስቴሽኑ ቅጂ ተቀንሶ፣ ስሙ እንኳ አጥሮ "ላቢሪንት ላይፍ" ሆነ።

በኤፕሪል 2019 ዎል ስትሪት ጆርናል ሶኒ አዲስ መመሪያ ማውጣቱን ዘገበ፤ ሶኒም አመነ። ምክንያታቸው ልጆችን መጠበቅና የኩባንያው ስም ነው። እሺ፣ ሱቁ የነሱ ነው፣ የፈለጉትን አለመሸጥ መብታቸው ነው። ግን መመሪያው የታለ? ለሕዝብ አልወጣም። በዕድሜ መዛኙ ድርጅት በሕጉ መሠረት አልፎ የመጣ ጌም፣ ከዚያ በኋላ ማንም አንብቦት በማያውቅ ሌላ ደንብ ይመዘናል ማለት ነው። ውጤቱም ወጥ አልነበረም። በ2019 "ዴቪል ሜይ ክራይ 5" ላይ የአንዲት ሴት ገጸ ባሕርይ ገላ በምዕራቡ የፕሌይስቴሽን ቅጂ በብርሃን ነጸብራቅ ተሸፈነ፤ በኤክስቦክስ የለም፣ በጃፓኑም የለም፤ ቆይቶ በአፕዴት ነጸብራቁን አነሡት። በ2020 ደግሞ የሶኒ የራሱ ስቱዲዮ የሠራው "ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2" የወሲብ ትዕይንት ይዞ አሜሪካ ላይ ወጣ። ለትልቁ የሚፈቀደው ለትንሹ የሚከለከል ከሆነ፣ ቢያንስ ምክንያቱን የመስማት መብት አለን ብዬ አምናለሁ።

የሚገርመው ኔንቴንዶ ነው። በ1993 "ሞርታል ኮምባት" ላይ ደሙን ወደ ላብ ያስቀየረው ያው ኔንቴንዶ፣ በ2019 የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ተጠይቆ የመለሰው መልስ ለኔ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ጌም የሚመዝኑ ገለልተኛ ድርጅቶች አሉ፣ የኮንሶሉ ባለቤት በዘፈቀደ ልምረጥ ካለ የጌሙ ዓይነት ብዛትና ፍትሐዊነቱ ይጎዳል፤ ወላጆች ደግሞ የሚቆልፉበት መንገድ አለ የሚል ነው። ቁልፉ ደግሞ በእውነት አለ። ልጆች ያላችሁ ኮንሶሉን ከፍታችሁ የዕድሜ ገደቡን ሙሉት፣ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሶኒ ግን ቢያንስ ፊት አለው። ከሱ በኋላ የመጣው የባሰ ነው።

ጃፓን ውስጥ የአዋቂ ማንጋና ጌም የሚሸጠው ፋንዛ በ2022 ማስተርካርድ ቀረበት። በ2024 መጀመሪያ ዲኤልሳይት የሚባለው ሌላው ትልቅ ሱቅ ከክፍያ ድርጅቶች በመጣ ጫና አንዳንድ የይዘት መለያ ቃላትን በሌላ ቃል መተካት ጀመረ። አልበቃም። በኤፕሪል በቪዛና በማስተርካርድ መክፈል ቆመ፤ የጃፓኑ ካርድ ጄሲቢ ግን መሥራቱን ቀጠለ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ከገበያ የጠፉ የድሮ ማንጋዎችን የሚያስነብበው ማንጋ ላይብረሪ ዜድ የሚከፈልበት መንገድ ተዘግቶበት አገልግሎቱን አቆመ። የደራሲዎች የድሮ ሥራ አብሮ ሄደ። አንድም የጃፓን ፍርድ ቤት እነዚህን ሱቆች ጥፋተኛ አላላቸውም። ካርድ ሲዘጋ ሱቁ ተዘጋ ማለት እንደሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ አንድ ጌም በኦንላይን ለመግዛት የሞከረ ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም።

የላይኛው ምክር ቤት አባል ታሮ ያማዳ በ2024 አሜሪካ ድረስ ሄደው የቪዛን ሰዎች አነጋገሩ። የተሰጣቸው መልስ ቪዛ ሕጋዊ የሆነን ይዘት ይህ ቃል ይውጣ፣ ያ ይከልከል ብሎ አያዝም የሚል ነው። እንግዲህ ማን ነው ያዘዘው?

ጁላይ 2025 ላይ ይኸው ነገር ዓለም አቀፍ ሆነ። ኮሌክቲቭ ሻውት የሚባል የአውስትራሊያ ቡድን ስለ መድፈርና ስለ ሥጋ ዘመድ ወሲብ የሚያጠነጥኑ ጌሞች ይሸጣሉ ብሎ ለክፍያ ኩባንያዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ እነዚያን ጌሞች እኔም ቤቴ አላስገባም። በዚያው ወር ስቲም የሚባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ የክፍያ ድርጅቶችን፣ የካርድ ኩባንያዎችንና ባንኮችን ደንብ ሊጥስ የሚችል ይዘት አይታተምም፣ በተለይ "የተወሰኑ ዓይነት" የአዋቂ ይዘቶች። የትኞቹ ዓይነት? አይልም። ትንንሽ ሠሪዎች ጌማቸውን የሚሸጡበት ኢች የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ ለአዋቂ የሚል ምልክት ያለበትን ጌም በሙሉ ከፍለጋ ላይ አነሣ። በሙሉ። ስለ ራሱ ሕመም የጻፈውም፣ ስለ ፍቅር የጻፈውም፣ ያ ደብዳቤ ካነሣው ነገር ጋር ምንም የማይነካካውም አብሮ ታፈሰ።

ኦገስት 1 ላይ ማስተርካርድ መግለጫ አወጣ፤ አንድም ጌም አልመዘንኩም፣ ክልከላም አልጠየቅኩም አለ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ መለሰ፤ ማስተርካርድ በቀጥታ አላናገረንም፣ የክፍያ አቀናባሪዎቹ (በሱቁና በባንኩ መካከል ሆነው የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፉት) እና ባንኮቻቸው ናቸው የነገሩን፣ እነሱ የጠቀሱት ግን የማስተርካርድን ደንብ 5.12.7 ነው አለ። ይህ ደንብ የኩባንያውን ስም የሚያጎድፍ ግብይት አይካሄድም የሚል ነው። ሰንሰለቱን አያችሁት? ሱቁ ወደ አቀናባሪው ይጠቁማል፣ አቀናባሪው ወደ ባንኩ፣ ባንኩ ወደ ካርዱ፣ ካርዱ ደግሞ እኔ የለሁበትም ይላል። ጌሙ ግን ተነሥቷል። ሠሪው ገቢው ቆሟል። የፈረደበት ዳኛ የለም።

"ያ ቆሻሻ ከጠፋ መንገዱ ምን አገባህ?" ላሉኝ ሰዎች መልሴ ይሄ ነው። በ2009 ሶፉሪን ሲወስን የተከለከለው ምን እንደሆነ ታውቆ ነበር፤ ከሱ ውጭ ያለው ሥራውን ቀጠለ። በ2025 የተከለከለው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ሠሪ ራሱን በራሱ መቁረጥ ጀመረ። ፈሪ ሱቅ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚያነሣው። በክፉው ጌም ላይ የተነሣ ሰው በዚህ መንገድ ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ነገ በሌላ ጉዳይ የተነሣ ሰው ያንኑ መንገድ ይጠቀምበታል፣ የሚያስቆመውም አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ2022 "ኬኦስ ሄድ ኖዋ" የሚባለውን የጃፓን ጌም ስቲም አልሸጥም ብሎ ነበር። አሳታሚው ስፓይክ ቹንሶፍት ክልከላውን በይፋ ተናገረ፣ ተጫዋቾች ጮኹ፣ ቫልቭ ጉዳዩን እንደገና አየና ውሳኔውን ቀለበሰ፤ ጌሙ በኦክቶበር ወጣ። ያ የሆነው አሳታሚው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ስላወቀ ነው። ዛሬ ጌሙ በካርድ ደንብ ተነሣ የተባለ አንድ የኦሳካ ልጅ ደብዳቤውን ለማን ይጻፍ? ለቫልቭ ቢጽፍ ወደ ባንኩ ይልኩታል፤ ባንኩን ደግሞ ስሙን እንኳ የነገረው የለም።