ከ74 አክሲዮኖች 25ቱ

ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ረፋድ ላይ ከባለቤቴ ጋር ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርበን የአክሲዮን ሽያጭ ውል ፈረምን። ከነበሩን 74 የባንክ አክሲዮኖች ውስጥ 25ቱ ከእንግዲህ የእኛ አይደሉም። ገንዘቡ የሚሄደው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃችን ለምትነዳው መኪና መድን ነው። ውሳኔው ትክክል እንደሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም ከቢሮው ወጥተን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም ብዙ አልተነጋገርንም፤ ስለዚህ እዚህ እንዴት እንደደረስን ሳይረሳኝ ልጽፈው ወደድሁ።

የመጀመሪያዎቹን 20 አክሲዮኖች የገዛነው በ1997 ዓ.ም ነበር። እኔ ያኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርሁ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ሲሆን፣ 20 ሺሁን ብር ያገኘነው ባለቤቴ ዕቁብ ሲደርሳት ነው። ልጃችን የተወለደችው በዚያው ዓመት ስለሆነ አክሲዮኖቹንና ልጅቷን ለያይተን አስበናቸው አናውቅም። ባንኩ ሰኔ 30 ሒሳቡን ዘግቶ ጠቅላላ ጉባኤው ትርፉን ካጸደቀ በኋላ የሚደርሰንን የትርፍ ድርሻ በአብዛኛው አዲስ አክሲዮን እንገዛበት ነበር እንጂ ለቀለብ አላዋልነውም። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት እንኳ አልነካናቸውም።

ባለፈው ጥቅምት ሐኪሜ ስኳሩ ዓይኔን እየጎዳው መሆኑን ነግሮኝ ከእንግዲህ መሪ እንዳልጨብጥ አዘዘኝ። ባለቤቴ መንዳት አልተማረችም። ልጄ ግን ጥር ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌዋ ቪትዛችን በእርሷ እጅ ናት። ለባለቤቴ ሱቅ ዕቃ የምታመላልሰውም፣ በየወሩ ለዓይን ክትትል ሐረር የምታደርሰኝም እርሷ ናት። በሚኒባስ መሄድ አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ከተጨመረ በኋላ ለሰዓታት በቅጡ ስለማላይ ብቻዬን መመለስ ይቸግረኛል። መኪናዋን መሸጥም አስበን ነበር፤ ሱቁ ያለ እርሷ እንደማይዘልቅ ስናሰላ ተውነው።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ምንም አይደለም፤ የሚያሳስበኝ የደንገጎ ዳገት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ወጥቶ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ከአወዳይ ጫት የጫኑ መኪኖች ደግሞ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለማድረስ ቁልቁለቱን እየበረሩ ይወርዳሉ። ከተማ ውስጥም ቢሆን ባጃጁ ከየት ወጥቶ የት እንደሚታጠፍ አይታወቅም።

የሦስተኛ ወገን መድን ሁልጊዜም ነበረን፤ ያለ እርሱ ቦሎ አይገኝም። ወረቀቱን ግን ለዓመታት እንደ ግብር ደረሰኝ አጣጥፌ አስቀመጥሁት እንጂ ምን እንደሚሸፍን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ስለዚሁ መድን በ2005 ዓ.ም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 799 ፈልጌ አነበብሁት። ለሞተ ሰው የተቀመጠው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፤ ለንብረት እስከ 100,000 ብር። ለተሰበረ ንብረት የተቀመጠው ወሰን ለጠፋ ሕይወት ከተቀመጠው በልጦ ሳገኘው መነጽሬን አውልቄ ብዙ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጁ በምሽት ሲነዳ መንገድ የሚሻገር አንድ ሰው ገጭቶ ገደለ። የመድን ድርጅቱ በአዋጁ መሠረት 40,000 ብር ከፈለ፤ በእርሱ በኩል ነገሩ አለቀ። በእኛ በኩል ግን ገና መጀመሩ ነበር። እዚህ አገር ኦሮሞው ጉማ፣ ሶማሌው ድያ የሚለው የደም ካሳ በሽማግሌ ተቆርጦ ካልተከፈለና ዕርቅ ካልወረደ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበያ መገናኘት አይችሉም። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። የሟች ሚስት ከአራት ልጆቿ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታይ ነበር፤ አንድም ቀን ስለ ገንዘብ አልተናገረችም፤ የተናገሩት ወንድሞቿ ናቸው። የጠየቁት በዛ ለማለት አንደበት የነበረው ከመካከላችን አልነበረም። ወዳጄ ገንደ ቆሬ የነበረውን ቤቱን ሸጦ ከፈለ፤ እስካሁን የሚኖረው በኪራይ ነው። ልጁ ደግሞ ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ሊብሬው ያለው በእኔ ስም ነው።

አዋጁን ባነበብሁ ማግስት አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ሄጄ ሙሉ ዋስትና ምን ያህል እንደሚያስወጣ ጠየቅሁ። መኪናዋን በገበያ ዋጋዋ በ950,000 ብር አስገምተው፣ ለሦስተኛ ወገን ከአዋጁ ወሰን በላይ የሚከፍል ተጨማሪ ሽፋን ሲጨምሩበት፣ የዓመቱ ዓረቦን 31,400 ብር ሆነ። ዓረቦኑ በሙሉ ካልተከፈለ ውሉ አይጀምርም። ዋጋዋን ዝቅ አድርጌ ላስይዝ ብዬ ነበር፤ ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ የ950,000 ብሩን መኪና በ475,000 ብር ካስዋስሁ፣ 80,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ራሴ እንደያዝሁት ይቆጠራል። ከዚያም በውሉ ላይ ነጂው ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ከመደበኛው ተቀናሽ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ ባለመኪናው ራሱ ከሚሸፍነው ገንዘብ በላይ ሌላ ተቀናሽ እንዳለ አሳየችኝ።

ይህን የሰማ አንድ ጎረቤቴ «የሚነዳው እኔ ነኝ ብለህ ሙላ፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው፤ አልተቆጣሁም። ነገር ግን ነጂውን ደብቆ መዋዋል ውሉን ራሱን የሚያፈርስ ነገር ነው፤ አደጋ በደረሰ ቀን ባዶ ወረቀት ይዞ ለመቆም ያን ሁሉ ብር መክፈል ምን ይጠቅማል? የልጄን ስም፣ ዕድሜዋንና መንጃ ፈቃድ ያወጣችበትን ቀን እንዳለ ሞላሁ።

የቀረው ገንዘቡ ነበር። ጡረታዬ ለመድኃኒትና ለአስቤዛ ያልቃል፤ የባለቤቴ ዕቁብ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነው። አክሲዮኑን ሳነሳ ባለቤቴ ወዲያው አልተስማማችም። «አክሲዮን ይወልዳል፤ መድን ግን ዓመቱ ሲያልቅ የቀረው ወረቀት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባለፈው ዓመት ለአንድ አክሲዮን 260 ብር የትርፍ ድርሻ ስለደረሰን፣ 10 በመቶ ግብሩ ሲቀነስ 25ቱ ብቻ በዓመት 5,850 ብር ያስገቡልን ነበር። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት የጋራ አክሲዮን ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ያለ እርሷ ፈቃድ አላደርገውም ነበር። ለአንድ ሳምንት ነገሩን አላነሳነውም። ከዚያ አንድ ማታ ራሷ የወዳጄን ቤት ነገር አንስታ «የገንደ ቆሬው ቤት ስንት ተሸጠ?» ስትል ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት፤ ጠዋት መታወቂያዋን ከሣጥን አወጣች።

የአክሲዮን ገበያው ገና አልተከፈተም ነበርና ገዢ የሚገኘው በሰው በሰው ነበር። ያገኘነው ራሱ ባለአክሲዮን የሆነ የቀፊራ ነጋዴ ሲሆን ለአንዱ 1,400 ብር ሰጠን። በዓል ሲቀርብ ሻጭ ስለሚበዛ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም። ከ35,000 ብሩ ውስጥ 10,000ው ትርፍ ስለሆነ በገቢ ግብር አዋጁ መሠረት 30 በመቶውን፣ ማለትም 3,000 ብር ከፈልን፤ በእጃችን የቀረው 32,000 ብር ነው።

ልጄ ነገሩን የሰማችው ትናንት ማታ ነው። «አባዬ፣ ለእኔ ብላችሁ አትሽጡ፤ ያለው መድን ይበቃል፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለች። አዋጁን አምጥቼ 40,000 የሚለውን መስመር አሳየኋት። «ይሄ ለአንድ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኋት። ሌላ አልጨመረችም።

ሚያዝያ 22 ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ዓረቦኑን ከፍለን ውሉን ተረከብን። ባንኩ የ49 አክሲዮን አዲስ የምስክር ወረቀት እስኪያዘጋጅልን ድረስ የአክሲዮን ወረቀቱ ይቀመጥበት የነበረው ፖስታ ባዶ ስለነበር የመድን ውሉን እዚያው ውስጥ ከተትሁት።

ዛሬ ማክሰኞ ለክትትሌ ወደ ሐረር ወጣን። ልጄ ከመነሳታችን በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየች። ደንገጎ መታጠፊያ ላይ አንድ የጫት መኪና መብራቱን እያበራ ከላይ ሲመጣ፣ እኔ እጄን ወደ መሪው ልዘረጋ ስል እርሷ ቀድማ ፍጥነቷን ቀንሳ ዳር ያዘች፤ አሳለፈችው፤ መስተዋቱን አይታ እንደገና ወደ መንገዱ ገባች። እጄን ጉልበቴ ላይ መለስሁት።