የሰናድር አባት

አያቴ የድሮ ጠመንጃ ሲያነሡ «ሰናድር» ይሉ ነበር። ቃሉ የገባኝ ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርሁ በኋላ ነው። እንግሊዞች በአፈ ሙዙ የሚጎርሰውን የ1853ቱን ኤንፊልድ ከኋላ ቆርጠው፣ መክደኛ ገጥመው ስናይደር አሉት። በ1868 እ.ኤ.አ. ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የወጣው እርሱ ነው። እኔ አባቱን ኤንፊልዱን ፈለግሁ፤ የጥንቱ ለኪሴ ስለከበደ ቅጂውን።

ከመምቻው ሥር ባለው የጎን ብረት ላይ ዘውድ፣ «ታወር» የሚል ቃልና 1861 ተቀርጿል። ይህ ጌጥ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሻጩ «በርሚንግሃም የተሠራ ነው» ሲለኝ ግን አምኜ በዚያው ዋጋ ከፈልሁ። ቤት ገብቼ የመጎሰሚያውን ዘንግ አወጣሁ፤ ሦስቱን ቀለበቶችና የኋላውን ብሎን ፈትቼ በርሜሉን ከእንጨቱ አነሣሁት። በደረቀ ቅባት ሥር፣ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ሁለት የላቲን ፊደላት አገኘሁ፦ «ኤ» እና «ኤም»። የበርሜል ፍተሻ ዓመትን የሚያመለክት የጣሊያን ምልክት ነበር፤ በርሜሉ የተፈተሸው እዚያው ጣሊያን፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ነው። ጥንድ «ኤ» 1975 ስለሆነ በጣቴ ቆጥሬ 1987 አልሁ። ተሳስቻለሁ። ጣሊያኖቹ «ጂ»ን፣ «ጄ»ን እና «ኬ»ን ይዘላሉ፤ ትክክለኛው 1984 ነው። ከ1975 በፊት የተሠራ ቢሆን የሮማ ቁጥር ይኖረው ነበር።

ተኩሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የኤንፊልድ በርሜል የውስጥ ስፋት 0.577 ኢንች ነው ብዬ የ0.575 ጥይት ገዛሁ። በ50 ያርድ ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ጥይቱ በጎኑ ተጋድሞ የቀደደው ሞላላ ነበር። አጠገቤ ይተኩሱ የነበሩ አሜሪካዊ አዛውንት ከጥይቶቼ አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫር አደረጉት። ምንም ምልክት አልወጣበትም። «ይህ ደረቅ ነው፤ ንጹሕ እርሳስ ጥፍር ይቀበላል» አሉኝ። ኤንፊልድ የሚተኩሰው ይህ የሚኒዬ የሚባል ጥይት ከታች ባዶ ነው፤ ጋዙ ጠርዙን ከፍቶ ከበርሜሉ ጥምዝ ጋር ካላጣበቀው አይሽከረከርም። በርሜሉን አስለካሁት፤ 0.580 ሆኖ ተገኘ። ንጹሕ እርሳስ አቅልጬ የ0.579 ጥይት ሠራሁ፤ ሰምና ሞራ ቀባሁት። ባሩዱንም ከወታደሩ 4.4 ግራም ወደ 3.6 አወረድሁ። ጥቁር ባሩድ ብቻ! ጭስ አልባው በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

አምስቱ ጥይቶች የስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ቦታ ተሰበሰቡ፤ ካነጣጠርሁበት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው። የኤንፊልዱ ዝቅተኛ ማነጣጠሪያ ለ100 ያርድ የተሰላ ስለሆነ ለጊዜው ዝቅ አድርጌ አነጣጥራለሁ።

ማጽጃው የፈላ ውሃና ሳሙና ነው። የመጀመሪያ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አጠብሁት፤ ባለቤቴ የተበላሸ እንቁላል ፍለጋ ማቀዝቀዣውን ሁለት ጊዜ ፈተሸች። አሁን የማጥበው ጓሮ ነው።