በርጩማው

ዛሬ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለችው ወርክሾፓችን፣ ብረት ለሚቆርጠው ሚሊንግ ማሽን በአየር የሚሠራ የኮሌት መፍቻ ራሳችን ሠርተን ገጠምን። ኮሌት መቁረጫውን ጨብጦ የሚይዘው ነው፤ ከማሽኑ አናት በሚገባ ረጅም ቡሎን ይታሰራል። ጎሚስታ ቤት የጎማ ቡሎን የሚፈቱበትን የአየር መፍቻ ነው ከላይ ያሰርንበት። ፒስተን ቁልቁል ገፍቶ ከረጅሙ ቡሎን ራስ ጋር ያገናኘዋል፤ ሞላ መልሶ ያነሳዋል። 6 ባር የአየር ግፊት በቃው።

ለማጁ ልጃችን ቁመቱ አጠር ያለ ነው። መቁረጫ በተቀየረ ቁጥር በርጩማ ላይ ይወጣል፣ ይፈታል፣ በመዶሻ መታ ያደርጋል፣ ይወርዳል። የበርጩማው መሃል በጫማው ተልጦ ነጭ ሆኗል።

ዛሬ ቁልፉን ተጫነ። ጠርርር አለና ኮሌቱ እጁ ላይ ወረደ።

"ጋሼ፣ አለቀ?" አለኝ። ሌላኛው እጁ ግን አሁንም መዶሻውን ይፈልግ ነበር።

ስንት ወርክሾፕ ውስጥ ስንት ልጅ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ይሆን?

በርጩማውን አልጣልነውም። ምሳውን ተቀምጦበት በላ።