ሥራ የፈቱት የሰርን ማሽኖች

በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ታላቁ የሃድሮን ግጭት ማሽን ሲሠራ ፕሮቶን የተባሉ የአቶም እምብርት ቅንጣቶች ጥቅሎች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚገናኙ፣ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሙከራዎች ለጥናት የሚበጀውን በቅጽበት የሚመርጡ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችን ከመመርመሪያዎቻቸው አጠገብ ተክለዋል። ማሽኑ በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ለረጅም ጥገና ሲቆም ግን፣ እነዚህ ኮምፒውተሮች የሚያጣሩት መረጃ አጡ።

ሁለቱም ሙከራዎች ብዙ ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ የጋራ አቅም በሚያስተዳድረው ኦፕንስታክ በተባለ የክላውድ ሶፍትዌር አማካይነት፣ በእነዚህ ሰርቨሮች (ኮምፒውተሮች) ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ አስነሥተው የግጭት ሲሙሌሽን፣ ማለትም ግጭትን በስሌት አስመስሎ የማሳየት ሥራ፣ ያሠሯቸው ጀመር። ሲሙሌሽን ብዙ ስሌት እንጂ ብዙ ገቢ መረጃ ስለማይጠይቅ ምርጫው ተገቢ ነበር።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ጥንቃቄውን ነው። የሰርቨሩ መሠረታዊ ሥርዓት እንዳለ ይቆያል፤ የእንግዳው ሥራ፣ ማለትም የሲሙሌሽኑ፣ ኔትወርክ ሙከራውን ከሚቆጣጠረው ኔትወርክ ይለያል፤ ባለቤቱ ሙከራ ሰርቨሩን ሲፈልግ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ወዲያው ይዘጋሉ። የተቋረጠ ስሌት እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ሳይመዘገብ ያመለጠ የፕሮቶን ግጭት ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ቅድሚያው ለማን እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ግጭቱ ከቀጠለ በኋላም ቢሆን፣ አንዱ ጨረር ተወግዶ ሌላው እስኪሞላ ያለውን የሰዓታት ክፍተት በዚሁ ዘዴ መጠቀም ተችሏል።