የከብት ተሳቢ መብራት፦ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ማሳውን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ መስመር) እዩ

ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት ግን መንገዱ ከ2,500 ሜትር ግድም ወደ 1,850 ሜትር ግድም ይወርዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ከወረደ፣ ከኋላ ለሚመጣ ሾፌር የከብት ተሳቢ ማለት ሁለት ቀይ መብራት ነው። እነሱ ከጠፉ ተሳቢው የለም።

የከብት ተሳቢ መብራት ሲሚንቶ ከሚጭነው ቀድሞ የሚበላሸው በሽንት ነው። ሽንቱ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ሻሲው ላይ ይንጠባጠባል። ጨውና አሞኒያ ስላለው መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ ይበላዋል፣ ብሎኑንም ያዝገዋል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ማሳው፣ ማለትም ከመብራቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር ነው፤ አምፖሉ ደህና ነው።

ምልክቱ አይሳሳትም። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም የግራ ፍሬቻ ብልጭ ባለ ቁጥር የኋላ መብራቱ ከፈዘዘ፣ አምፖል ለመግዛት አትሩጡ። ረጅም ሽቦ ውሰዱና አንዱን ጫፍ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ የወጣበት የመኪናው ሻሲ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ማሳ ላይ ያዙት። ብርሃኑ ወዲያው ከጨመረ ጥፋቱ ተገኘ።

ቆሞ ሲፈተሽ የሚሠራ፣ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ የሚጠፋ መብራትም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የማሳ ሽቦው ተበልቶ ካለቀ ኤሌክትሪኩ መንገድ የሚያገኘው በመሳቢያው ፒን በኩል ነው። ፒኑ ደግሞ በግራሶ የተለወሰና የሚንቀሳቀስ ብረት ስለሆነ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። ስለዚህ ከሶኬቱ 1 ቁጥር ተነስቶ እያንዳንዱ መብራት ድረስ የሚሄድ የራሱ የማሳ ሽቦ አስዘርጉ። ፍሬን ተረግጦ፣ የኋላና የጎን መብራቶቹ በርተው፣ አንድ ፍሬቻ ሲሠራ በዚያች ሽቦ የሚመለሰው በ24 ቮልት ከ4 እስከ 5 አምፔር ነው። ለሌሎቹ ሽቦዎች 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ማሳው 2.5 ይሁን።

የ24 ቮልት ባለ 7 ፒን ሶኬት አደራደሩ የታወቀ ነው፦ 1 ማሳ ነጭ፣ 2 የግራ የኋላ መብራት ጥቁር፣ 3 የግራ ፍሬቻ ቢጫ፣ 4 የፍሬን መብራት ቀይ፣ 5 የቀኝ ፍሬቻ አረንጓዴ፣ 6 የቀኝ የኋላ መብራት ቡኒ። ሰባተኛው እንደ መኪናው ይለያያል። ቀለሙን ግን አትመኑ፤ ከዚህ በፊት የነካካው ሰው በእጁ ያገኘውን ሽቦ ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እዩ። ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ከወለሉ ስር ዕድሜ የለውም፤ ሽንቱ ናስትሮው ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀመጣል። ቅጥያው የግድ ከሆነ በሊድ ይበየድ፣ ሽቦውም በጎማ ቱቦ ውስጥ በሻሲው የውስጥ ጎን ይለፍ። ቱቦው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካልተተወ ራሱ ቱቦው ሽንት ይይዛል።

አምፖል ስትገዙ ቂጡ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ባለ 12ቱና ባለ 24ቱ መልካቸው አንድ ነው፤ ባለ 12ቱ 24 ላይ ሲገባ ወዲያው ይቃጠላል። ለፍሬንና ለፍሬቻ 21 ዋት፣ ለኋላ መብራት 5 ዋት ነው። ወደ ኤልኢዲ ከቀየራችሁ ፍሬቻው ሊጣደፍ ይችላል፤ የሚስተካከለው ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) በመግጠም ነው።

መብራቱ እየሠራም ላይታይ ይችላል። ከባቲ ገበያ የተጫነ በሬ ደሴ እስኪደርስ የኋላው በር በእበት ይለቀለቃል፤ ቀዩ መስታወት ቡኒ ይሆናል። ከመብራቱ በላይ እንደ ጠርዝ የወጣ ቆርቆሮ ወይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ብታስገጥሙ እበቱ በጎን ይወርዳል። የሚያንጸባርቀውም ፕላስተር፣ ከኋላ ቀይ ከጎን ቢጫ፣ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም። አንድ ጀሪካን ውሃና ጨርቅ ይያዝ፤ ሐረጎን ከመጀመራችሁ በፊት ረዳቱ ይጥረግ።

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ስትቀጥሉ ከፍሬኑ የአየር ቱቦዎች ቢጫው ይቅደም፣ ቀዩ ይከተል። ስትፈቱ ቀዩ ይቅደም። ቀዩ ሲገባ የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ስለሚችል፣ ታኮ ሳይደረግ መቀጠል ተሳቢውን ቁልቁል መስደድ ነው።

ጭነቱ የቆመና የሚንቀሳቀስ ነው። እያንዳንዳቸው 350 ኪሎ የሚመዝኑ 10 በሬዎች ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ 3.5 ቶን አብሮ ያጋድላል። በአግዳሚ ብረት ከፋፍሉ፣ ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ አድርጉ፣ ገመዱም ሸምቀቆ አይሁን፤ የወደቀ በሬ ይታነቅበታል። ቁልቁለቱን የምትጀምሩት ከብዶ በሚይዝ ማርሽ ነው። ፍሬን ከጋለ በኋላ ማርሽ መቀነስ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፉ በዚያ ቀን መብራቱ መሥራቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ለከብት ተሳቢ ፍተሻው በየጭነቱ ነው። ረዳት ከሌለ በፍሬኑ ፔዳልና በወንበሩ መካከል ዱላ ወጥራችሁ ዞራችሁ እዩ።

ብልሽት ገጥሟችሁ ኩርባ ላይ ከቆማችሁ ሦስት ማዕዘኑ ከኩርባው ወዲያ፣ የሚመጣው ሾፌር ሳይታጠፍ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ቅጠልና ድንጋይ የምትደረድሩ ከሆነም ስትነሱ ድንጋዩን አንሱት፤ በጉም ውስጥ ለሞተር ሳይክል እሱ ከቆመ መኪና አይተናነስም።