ኒክስ ቋንቋ፦ ከ«ኢንፊኒት ሪከርዥን» ጋር የነበረኝ ትግል

«ኢንፊኒት ሪከርዥን» (ራሱን እየጠበቀ የማያልቅ ስሌት) እያለ ሲያታግለኝ የከረመው ኦቨርሌይ፣ ማለትም ያሉ ፓኬጆችን የሚቀይር ኮድ፣ ትናንት ማታ ያለ ኤረር አለፈ። ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው፤ እዚህ ሐዋሳ ኒክስ የምንሞክር ጥቂት ስለሆንን እኔን ያደከመኝ ነገር ሌላውን ባያደክመው ይሻላል።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ኒክስ አንድ ሶፍትዌር ከምን እና እንዴት እንደሚገነባ የምንገልጽበት ቋንቋ ነው። ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመረው፤ ሐሳቡን ደግሞ በ2006 ለኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በዝርዝር አስቀመጠው። ንጹህ ፈንክሽናል ነው። አንዴ ዋጋ የተሰጠው ስም አይለወጥም፣ ፎር ሉፕ የሚባል ነገር የለም፣ እያንዳንዱ ፈንክሽን የሚቀበለው አንድ ግብዓት ብቻ ነው፤ ሁለት ካስፈለገ ፈንክሽን የሚመልስ ፈንክሽን ይጻፋል። ጃቫስክሪፕት የነካካ ሰው ይህን ቶሎ ይለምደዋል፣ አልቆይበትም።

የግንባታው ግብዓት ሁሉ ተሰልቶ 32 ፊደል ያለው ሃሽ ይወጣል፤ ውጤቱም ስቶር በሚባለው የኒክስ ማከማቻ ፎልደር ውስጥ በዚያ ሃሽ ስም ይቀመጣል። ከግብዓቱ አንዲት ፊደል ብትቀየር ሃሹም ይቀየራል። ለእኛ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፦ አንዳችን በዳታ ጥቅል ያወረድነውን ሌላው በዋይፋይ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ይገለብጠዋል፣ ሃሹ አንድ ስለሆነ ዳግመኛ ማውረድ የለም። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋም በግማሽ የቀረ ግንባታ እንዳለቀ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ዋናው። ኒክስ ሌዚ ነው፤ አንድ ዋጋ እስካልተፈለገ ድረስ አያሰላውም። ከ100,000 በላይ ፓኬጅ የያዘው የኒክስ ክምችት፣ ኒክስፓክስ፣ አንድ ግዙፍ ሴት (set፣ ስሞችና ዋጋዎቻቸው የተያዙበት ስብስብ) ሆኖ ሳለ አንዱን ስንጠይቅ ላፕቶፓችን የማይጨናነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኦቨርሌይ የሚሠራውም በዚሁ ነው። ፋይናል እና ፕሪቭ የሚባሉ ሁለት ግብዓቶች ይቀበላል፦ ፕሪቭ ከእኛ በፊት የነበረው ሁኔታ፣ ፋይናል ደግሞ የእኛም ለውጥ ተጨምሮበት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ የሚገኘው። ገና ያላለቀውን ነገር እየጻፍነው እንጠቅሰዋለን ማለት ነው።

የተለመደው ምክር «የምትቀይሩትን ፓኬጅ ከፕሪቭ ውሰዱ፣ ሌላውን ከፋይናል» የሚል ነው። ትክክል ነው፣ ግን አይበቃም። የአንድ ወዳጄን ሱቅ የካሜራ ቀረጻ የሚይዝ ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) አለ፤ እዚያ ላይ ብቻ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ቀለል ብሎ እንዲገነባ ፈለግሁ። «በፋይናል መሠረት ሲስተሙ አርም (የራስበሪ ፓይ ፕሮሰሰር ዓይነት) ከሆነ ይህን ሴት መልስ፣ ካልሆነ ባዶ ሴት» የሚል ኦቨርሌይ ነበር። ምክሩን አልጣሰም፤ ኤፍኤፍኤምፔግን ከፕሪቭ ነው የወሰደው። መልሱ ግን ያው «ኢንፊኒት ሪከርዥን»። ኤረሩ የመጣበትን መንገድ የሚያሳየው ሾው ትሬስ ሲጨመርበት ደግሞ ከእኔ ፋይል ጋር ዝምድና የሌለው መስመር ይዥጎደጎዳል።

ነገሩን የፈታልኝ ሪፕል ነው፤ ኮድ ጽፈን ውጤቱን ወዲያው የምናይበት መሞከሪያ። እናንተም ሞክሩት፦ ኤ እኩል ይሆናል 1፣ ቢ እኩል ይሆናል ትሮው (ሲሰላ ሆን ብሎ ኤረር የሚያወጣ) የሆነ ሴት ጻፉ። ኤን ስትጠይቁ 1 ይመልሳል፣ ቢ አይነካም። ቀጥሎ በአትርኔምስ የስሞቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ ሁለቱም ስሞች ያለ ምንም ኤረር ይመጣሉ። አሁን ሴቱን ራሱን በኢፍ ጠቅልሉት፣ የኢፉ ቅድመ ሁኔታ ትሮው ይሁን። ኤን ብቻ ብትጠይቁም ይፈነዳል። ዋጋዎቹ መጠበቅ ይችላሉ፤ ሴቱ ምን ምን ስሞች እንዳሉት ግን አንዱን ስም ከመፈለጉ በፊት መታወቅ አለበት።

የእኔም ኦቨርሌይ እንዲሁ ነበር። ሲስተሙን ከፋይናል ለማወቅ የፋይናል ስሞች መታወቅ አለባቸው፤ የፋይናል ስሞች እንዲታወቁ የእኔ ኦቨርሌይ ስሞች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ደግሞ ሲስተሙን እየጠበቁ ናቸው። መፍትሔው ኢፉን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፦ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚለው ስም ሁልጊዜ ይኑር፣ ዋጋው ግን አርም ከሆነ የተቀየረው፣ ካልሆነ የፕሪቩ ይሁን። ኢፉን ውጪ ትቶ ሲስተሙን ከፕሪቭ መጠየቅም ይሠራል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ፋይሉን የሚያነብ ሰው የትኞቹ ስሞች እንደሚነኩ ወዲያው ያያል።

በዚሁ ምክንያት ፋይል አናት ላይ ዊዝ (የአንድን ሴት ስሞች በጅምላ የሚያስገባ ቃል) መጻፍን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ስም ከየት እንደመጣ ካላወቅን ዑደቱን መከተል አንችልም። የአንድ ሴት ዋጋዎች እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ የሚያደርገው ሬክም ቢሆን፣ ለዋጋ ስም የምንሰጥበት ሌት ባለበት አያስፈልግም። በኢንሄሪት ስሞቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ያሰለቻል፣ ግን ዋጋ አለው። ጀማሪ ደግሞ በኒክስ የተሠራውን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኒክስኦኤስን፣ ከመጫኑ በፊት በሪፕል ቢጀምር ይሻለዋል፤ ይህን የምለው ራሴ በዚያ ቅደም ተከተል ሳልሄድ ነው።

ቀጥሎ ያለው የኒክስኦኤስን ቅንብር ከተለያዩ ፋይሎች የሚያገጣጥመው የሞጁል ሲስተም ነው፣ ገና በደንብ አልያዝኩትም። ኮንፊግ የሚባለው ግብዓት የፋይናል ወንድም ነው፤ ኤምኬኢፍ የተባለው ፈንክሽንም የተሠራው ቅድመ ሁኔታውን ከውጪ ወደ እያንዳንዱ ዋጋ ለማውረድ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አማራጮችን ራሱ ዲክሌር የሚያደርግ ሞጁል የጻፈ ካለ ፋይሉን ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔን ኦቨርሌይ የሚፈልግም ይጠይቀኝ፣ እልክለታለሁ።